ስንት ገበያ ትወጫለሽ?

በጡረታ ሽኝቴ ቀን ጋቢ ካለበሱኝና ለስላሳው ከተከፈተ በኋላ የሆስፒታሉ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ማይክራፎኑን ያዘ። ዛሬ ሌላ ቦታ ነው የሚሠራው፤ ለእኔ ክብር ሲባል ተጋብዞ መጣ። ስሙን አልጽፍም። እሱ ራሱን ያውቃል፣ እንጅባራም ያውቀዋል። በዕድሜ ብበልጠውም አለቃዬ ነበርና ሥራ ላይ ሳለን «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግረው። እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ።

ስለ እኔ ብዙ ጥሩ ነገር ተናገረ። የቁርጥማት ሕሙማን የሚከታተሉበትን ክፍል «በእኔ አመራር የተቋቋመ» አለው። ይህን እንኳ ልተውለት እችል ነበር። ቀጥሎ ግን እንዲህ አለ፦ «ሲስተር ጥሩዓለምን ከሁሉ በላይ የማደንቃቸው በአንድ ነገር ነው። በአንዲት ታካሚ ላይ ስህተት በተፈጠረ ጊዜ በግምገማ ፊት ቆመው ጥፋታቸውን አምነዋል። ወጣቶች ከዚህ ተማሩ።» ቤቱ አጨበጨበ። እኔም ጋቢዬን ሰብስቤ ፎቶ ተነሣሁ።

ያን ቀን ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት ለማፍረስ ጉሮሮዬ አልታዘዘኝም። ለመጻፍ ጉሮሮ አያስፈልግም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ሥራ የጀመርኩት ዳንግላ ነው። የተወለድኩትም ከዚያ ብዙ በማይርቅ ገጠር ስለሆነ አፌን የፈታሁት በአዊኛ ነው። ትምህርት ቤት ሲሳቅበት የኖረው አነጋገሬ ጤና ጣቢያ ስገባ መተዳደሪያዬ ሆነ፤ ገበሬው ሕመሙን በልቡ ቋንቋ የሚነግረው ሰው አገኘ። ያሠለጠኑኝ ጋሼ አስረስ የሚባሉ የድሮ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ናቸው። ባለ ዲግሪ ሲመጣ ወንበራቸውን ይለቁለታል፤ ታካሚውን ግን አይለቁም። ሰው ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቃሉ። ጠረጴዛ መሃል እንዲገባ አይፈልጉም፤ ወንበራቸውን ጎትተው ከታካሚው ጉልበት ጋር ጉልበታቸውን ያጋጥማሉ። እጁን ያመመው ሰው ሲመጣ ደግሞ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው «እስቲ ቆልፍልኝ» ይላሉ። ሴቶቹ ያፍራሉ፣ ይስቃሉ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ጣቶቹ ላይ ነው። አንዴ አንዲት ባልቴት «ሚስት የለህም እንዴ?» ብለዋቸው ጤና ጣቢያው በሳቅ ተናጋ። ቁልፉ አልተቆለፈም። ጋሼ አስረስም አብረው ሳቁና ሴትዮዋን በማግሥቱ ራሳቸው ይዘው ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሄዱ።

ከልማዳቸው ሁሉ የቀረልኝ ግን ሌላው ነው። ትእዛዝ የሚሰጡት ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ ነበር። ቁስሉ በየሳምንቱ የሚታጠብለትን ገበሬ «በገበያ ቀን ና» ይሉታል፤ ከዚያ በፊት ግን «ስንት ገበያ ትወጣለህ?» ብለው ይጠይቁታል። አንድ ካለ «እንግዲያው በገበያ ቀን ና»፤ ሁለት ካለ የትኛው እንደሆነ ይለያሉ። እኔ ወጣት ነበርኩ፤ ጊዜ ማጥፋት ይመስለኝ ነበር። «ልጄ፣ ሰው ቀን የሚቆጥረው በሚሄድበት መንገድ ነው። መጀመሪያ መንገዱን ጠይቂው» አሉኝ። ሁለተኛ አልነገሩኝም። ጋሼ አስረስ ነገር አይደግሙም።

ከዳንግላ ጫግኒ፣ ከጫግኒ እንጅባራ ተዛወርኩ። ስለ ዝውውር ደብዳቤና ስለ ደመወዝ አላወራም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ያውቀዋል።

እንጅባራ ብርድ ነው። ጠዋት ጣቱ አልታጠፍ ያለው ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» ይላል፤ ጉልበቱ ያበጠውም «ብርድ ነው» ይላል። ስለዚህ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ክፉ ቁርጥማት ብርዱን ተገን አድርጎ ዓመታት ይኖራል። ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ሴቶች ላይ ይበረታል። ካልታከመ ጣት ያጣምማል፣ አንጓ ያደርቃል። ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚመጡት ከመድኃኒት ቤት ለጊዜው የሚያስታግሰውን ፕሬድኒሶሎን እየገዙ ሲውጡ ኖረው ፊታቸው ድቡልቡል ካለ በኋላ ነው። «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ስለተባለች ብቻ በዚያ ክኒን የጸናች ስንቷን አይቻለሁ።

አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ወደ ሆስፒታሉ ተመድቦ ሲመጣ ትክክለኛውን መድኃኒት መጀመር ተቻለ። እሱ ግን አንድ ሰው ነው፤ ወረፋው ደግሞ እስከ በር። «እኔ ልጀምርላቸው፣ አንቺ ያዢልኝ» አለኝ። መጠኑ መቼ እንደሚጨመር፣ መቼ እንደሚቀነስ፣ ደማቸው መቼ እንደሚመረመር፣ መቼ ወደ እሱ እንደምልክ ቁጭ ብለን ተስማማን። የተሰባበረ አልጋ የታጎረበትን ክፍል ጠርጌ፣ በገዛ እጄ ኖራ ቀብቼ ከፈትኩት። ሥራ አስኪያጁ ያደረገው ነገር ቢኖር ቁልፉን መስጠት ነው፤ እሱንም ለምኜው ለምኜው ነው።

እኔ የታካሚ እጅ አልጨብጥም። መዳፌን ከሥር አስገብቼ እጇን አሳርፋታለሁ፤ ከዚያ የጣቶቿን ሥር አንጓዎች ባንድ ላይ ቀስ ብዬ ጨመቅ አደርጋለሁ። የብርድ እጅ ዝም ይላል፤ የበሽታው እጅ ትከሻዋን ያስነሣታል። እብጠቱ አጥንት ከሆነ ይጠጥራል፤ ብግነት ከሆነ እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። «ጠዋት ስንት ደቂቃ ይደነዝዝሻል?» ብሎ መጠየቅ ለገጠር ሴት ትርጉም የለውም። «ጣትሽ የሚፈታው ከብቱ ሳይወጣ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ?» ስላት ግን ሳታመነታ ትነግረኛለች። ከዚያ «እጅሽ እምቢ ያለሽ ምን ላይ ነው?» እላለሁ። አንዷ የጄሪካን ክዳን ትላለች፣ አንዷ ላም ማለብ። ከዘንገና የሚመጣ አንድ ገበሬ «የኮርቻ ጠፍር ማጥበቅ» አለኝ። ከወራት በኋላ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ፈረሱን አስሮ ከጥበቃው ጋር ሲጨቃጨቅ ደረስኩ። በአዊኛ ጠራኝና ራሱ እንደጫነው፣ መጥቼ ጠፍሩን ስቤ እንዳየው ነገረኝ። ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም። ጥበቃው ፈረሱን አስወጣ፤ እኔ ግን ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ጠግቤ ዋልኩ።

ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ክኒን ማለት በየቀኑ የሚዋጥ ነገር ነው ብሎ ነው የሚያውቀው። ይህን ክኒን የደጋገመ ሰው አፉ ይቆስላል፣ ደሙ ይመነምናል፣ ሊሞትም ይችላል። ጉዳቱን ለመቀነስ አብሮት የሚሰጠው ፎሊክ አሲድም እንደ እሱው ቢጫ ስለሆነ በቀላሉ ይምታታል። ስለዚህ የክፍሉ ሥራ ሁሉ የቆመው በዚያች አንድ ቀን ላይ ነበር። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀን አልሰጥም። እየጠየቅሁ ከየሰዉ ኑሮ ውስጥ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚመጣውን እፈልጋለሁ። ለከተማው ልብስ ሰፊ እሑድ ከአምልኮ መልስ፣ ለአንድ ዘበኛ ተረኛ ያልሆነበት ቀን፣ ለዘንገናው ገበሬ ደግሞ የገበያ ቀን፤ እሱ የሚወጣው ገበያ አንድ ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ብርቄ ልምጣ።

ብርቄ የጫግኒ ነጋዴ ናት። ከእንጅባራ ድንች ወደ ቆላ ታወርዳለች፣ ከጫግኒ በርበሬ ወደ ደጋ ታወጣለች፣ ዳንግላ ገበያም ትቀመጣለች። የመጀመሪያ ቀን አንጓዎቿን ስጨምቅ ፊቷን ቅጭም አድርጋ «ሲስተርዬ፣ ቲማቲም ነው እንዴ የምትመርጪው?» አለችኝ። ሁለቱም እጆቿ አብጠው ነበር። ሚዛን ማንሣት አቅቷት ሽያጩን ለሰው ሰጥታ ነበር የመጣችው።

«ስንት ገበያ ትወጫለሽ?» አልኳት።

«ሦስት። ባል ስለሌለኝ አራተኛም ቢኖር እወጣ ነበር።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንድትውጥ ተስማማን። ብርቄ እንደ ቃሏ ነበረች። ደም ስትመረመር አትቀርም፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን ትደውላለች፤ መድኃኒቱ መጠጥ አይወድምና ጠላ ቢያቀርቡላት «ሲስተር ታየኛለች» ብላ ትመልሳለች። እብጠቱ ቀስ በቀስ ወረደ። ሚዛኗን መልሳ ያዘች።

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ጋር ተጣላ። ከላይ የመጡ ተቆጣጣሪዎች «ነርስ እንዴት መጠን ትጨምራለች?» ብለው ጠይቀውት ነበር። ሐኪሙ ተስማምተን እንደምንሠራ አስረዳ። ሥራ አስኪያጁ ግን ማስረዳት አይወድም፤ ማዛወር ነው የሚወደው። ክትባት ክፍል መደበኝ። በእኔ ምትክ የመጣችውን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉን አስረከብኳት፤ «ስንት ገበያ» የሚለውን ጥያቄም ጭምር። ልጅቷን አልወቅሳትም።

እኔ ከወጣሁ በኋላ ሥራ አስኪያጁ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ፖስተር አስለጠፈ፦ «ሳምንታዊውን ክኒን በገበያ ቀን ይውሰዱ።» እሑድ የሃይማኖት ነገር ስለሚያስነሣ ለመንግሥት ተቋም አይሆንም፤ ለሁሉም አንድ ወጥ መልእክት ይሻላል፤ ጥያቄ ማብዛት ወረፋ ያስረዝማል፤ ምክንያቱ ይህ ነበር። ለጎብኚዎች ሲያሳየው «ከአካባቢው ባህል የተቀዳ» ይል ነበር ይባላል። የተቀዳውስ ከእኔ ነው፤ እኔም ከጋሼ አስረስ ነው ያገኘሁት። መልሱን ወሰደና ጥያቄውን ተወው። ፖስተሩ ለብዙ ገበሬ ሠርቷል፤ ይህን አልክድም። ብርቄ ግን ገበሬ አልነበረችም።

አንድ ጠዋት ሕፃን እየከተብኩ ሳለ በሩ ላይ ሰው ቆመ። ሻሿን አፏ ድረስ ስባ ሸፍናለች። ቀና ብዬ ሳይ ብርቄ ናት። ሻሿን ስታወርደው ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ አፏ ውስጥ ጤነኛ ቦታ አይታይም። ትኩሳቷ ከሩቅ ይጋረፋል። መናገር አልቻለችም። ከመቀነቷ ቋጠሮ ክኒኑን አውጥታ ሰጠችኝ።

«በሳምንት ስንት ቀን ነው የምትውጪው?» አልኳት።

እጇን አነሣችና ሦስት ጣት አሳየችኝ። ጣቶቿ ቀጥ ብለው ነበር የቆሙት። ያኔ ቀጥ ይሉላት ነበር።

ነገሩን የሰማሁት በኋላ ነው። መድኃኒቷን ልትወስድ ስትመጣ ቀኑ መቀየሩ ተነገራት። «በገበያ ቀን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ «አዎ፣ በገበያ ቀን» ተባለች። በሽታው ስለጠናባት የጨመሩላት መሰላት። እንጅባራ ስትወጣ ዋጠች፣ ዳንግላ ስትወጣ ዋጠች፣ ጫግኒ ስትወጣ ዋጠች። ታዛዥ ስለሆነች ነው የተጎዳችው።

ሐኪሙን ሮጬ ጠራሁት። ያለውን ሁሉ አደረገና በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ላካት። ብዙ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ተረፈች።

ጉዳዩ እስኪጣራ ክፍሉ ተዘጋ። የዘንገናው ገበሬ ከበር ተመልሶ ሄደ፤ ፕሬድኒሶሎን መግዛት እንደጀመረ ሰማሁ። ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ አግኝቶኝ «መቼ ነው የሚከፈተው?» አለኝ። ያን ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋው።

«ሲስተር፣ ጥፋት ባለቤት ይፈልጋል» አለኝ። «ፖስተሩ ነው ካልን አሠራሩ በሙሉ ይመረመራል፤ ክፍሉም ተዘግቶ ይቀራል። እርስዎ በትክክል አላስረከብኩም ካሉ ግን የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ ያልቃል። ክፍሉንም መልሼ እሰጥዎታለሁ።»

«አስረክቤያለሁ» አልኩት።

«ይህን እኔና እርስዎ እናውቃለን» አለ። ቃል በቃል ይህን ነው ያለው።

በግምገማው ቀን አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሂስ ተሰጠ፤ ከዚያ ግለሂስ የሚያደርግ እንዲነሣ ተጠየቀ። ተነሣሁ። «ክፍሉን በትክክል አላስረከብኩም። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። በእኛ ቤት ንጹሕ ነኝ ያለ ይሰደባል፣ አጠፋሁ ያለ ይጨበጨብለታል። የደረጃ ዕድገቴ ቀረ። ክፍሉ ግን ሥራ አስኪያጁ እንዳለው ተከፈተ፤ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ያደረግሁት ፖስተሩን መቅደድ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያ በር ሁለተኛ አልተዘጋም። የዘንገናው ሰው ተመለሰ። ልብስ ሰፊው ዛሬም መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። በዚህ የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ ይኼው ነው፦ ያን ቀን ባልነሣ ኖሮ የስንቱ እጅ ይደርቅ ነበር።

ብርቄ ግን አልተመለሰችም። ስደውል አታነሣም። አንድ ቀን በራሷ ጊዜ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ በስብሰባ ተናግረሻል አሉ። ገበያው ሁሉ ያወራል። እውነት ነው?»

ኮሪደሩ ሰው ሞልቶበታል። አላጠፋሁም ብላት ቃሉ ሳይውል ሳያድር ሥራ አስኪያጁ ጋ ይደርሳል፤ የተከፈተው ክፍል ይዘጋል።

«ተናግሬያለሁ» አልኳት። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

«እኔ እኮ ካንቺ እጅ ከሆነ መርዝም ቢሆን እውጣለሁ እል ነበር» አለችና ሄደች። ከዚያ ወዲያ ያንን መድኃኒት ከማንም እጅ አልተቀበለችም። በሥራ ዘመኔ የተሸነፍኩት እዚህ ላይ ነው።

ሽኝቱ በተደረገ በሳምንቱ ጫግኒ ወረድኩ። ሱቋን ሰው አሳየኝ። በርበሬው እንደ ድሮው ተቆልሏል፤ የምትመዝነው ግን ልጇ ናት። ብርቄ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዋጋ ትናገራለች። እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደብቃቸዋለች። አወቀችኝ። ልጇን ወደ ውስጥ ላከቻት።

ሁሉን ነገርኳት፦ ርክክቡን፣ ፖስተሩን፣ የተዘጋውን በር፣ አዳራሹን፣ ሽኝቱን። ስጨርስ «እና ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«ክፍሉን ይወስዱብኝ ነበር።»

«ክፍሉን አተረፍሽ። እኔን አስበላሽ።»

«አዎ» አልኳት። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሌላ ሰው ነው። «ጣቱ አይመለስም ይሆናል፤ ሕመሙ ግን ይቆማል፣ የቀረው አንጓም ይተርፋል። እጅሽን አሳዪኝ።»

«አላሳይም» አለች። «እዚያው አዳራሽ ሄደሽ ተናገሪ።»

«ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ማን ስብሰባ ይጠራኛል?»

«እንግዲያው ጻፊው። ሰው ሁሉ በሚያነበው ላይ ጻፊው። በሽኝትሽ ላይ ምን ብለው ነው የጠሩኝ?»

«አንዲት ታካሚ።»

ከት ብላ ሳቀች፤ ያቺ የድሮ ሳቋ ናት። «አንዲት ታካሚ አይደለሁም። ስሜን ከነአባቴ አስገቢው። ልጄ ታነብልኛለች። ከዚያ እጄን አሳይሻለሁ።»

ይኸው ጻፍኩ። ያቺ ታካሚ ብርቄ ደሴ ትባላለች። የጫግኒ በርበሬ ነጋዴ ናት። የታዘዘችውን አላጓደለችም። ገበያዋ ሦስት ነበር፤ ፖስተሩን የለጠፈው ሰው አልጠየቃትም፣ እንዳትጠየቅም አደረገ። በግምገማው ቆሜ የተናገርኩት የተዘጋ በር ለማስከፈት ነው። ጥፋቱ የኔ አልነበረም፤ ያጨበጨባችሁልኝ ሁሉ ጭብጨባችሁን መልሳችሁ ውሰዱ።

ብርቄ፣ መጥቻለሁ። እጅሽን አምጪ።